ደም ለጋሹና ሁለቱ የአልቅት ብልቃጦች

ሰውዬውን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ኃላፊው ድረስ «ደም ለጋሹ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ ነው። እሱም ቢሆን ከወገቡ በማይለየው የቁልፍ ዘለላ የተነሳ «ቁልፌ» እየተባለ ስለሚጠራ ማንም ማንንም አይወቅስም።

የደም ለጋሹ ሥራ አልቅት መሰብሰብ ነው። እሱ ደግሞ ሥራ ነው ወይ ቢሉ፣ አዎ ሥራ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልልና ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ ይላል። ከዚያ ውሃውን በእግሩ ትንሽ ያናውጠዋል። አልቅቶቹ ከብት የገባ ይመስላቸዋል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ከድንጋይ ሥር እየተጥመለመለ ይመጣል፣ ሌላውም ይከተላል። እግሩ ላይ ሲለጠፉ አይጎትታቸውም፤ ከጎተታቸው ይበጠሱና ለሥራ አይሆኑም። ጥፍሩን ከአፋቸው ሥር ቀስ አድርጎ አስገብቶ ያላቅቃቸውና ብልቃጥ ውስጥ ይከታቸዋል። ድሮ የተቀጠረው ወለል ሊወለውል ነበር። አንድ ቀን አልቅት እንዲሰበስብ የተላከው ሠራተኛ «እኔ ደሜን ለትል አልሰጥም!» ብሎ ከኩሬው ዳር ሲመለስ፣ እሱ መወልወያውን ግድግዳ አስደግፎ «እኔ ልግባ» አለ። ገባ። ያው እንደገባ ቀረ ይላል ቁልፌ ሲቀልድ።

አልቅቶቹን የምትፈልጋቸው ዶክተሯ ናት። ዶክተር ስትባል ሐኪም እንዳትመስላችሁ፣ ሰው አታክምም፤ የምትመረምረው ትል ነው። አጠር ያለች፣ ፈጣን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። አልቅቱ ራሱ ብዙም አያስጨንቃትም። የምትፈልገው አልቅቱ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረውን ጥገኛ ትል ነው። አንድ ቀን አልቅት ሰንጥቃ በአጉሊ መነጽሩ ሥር አሳየችው።

«ይቺን ነጭ ነጠብጣብ አዩዋት ጋሼ? ይቺ ቤቷ ናት። ትሏ ውስጧ ተጠቅልላ ተኝታለች።»

በመርፌ ጫፍ ነካ ስታደርጋት ነጠብጣቧ ተፈለቀቀችና ከውስጧ አንድ ጠፍጣፋ ነገር ወጣ። ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቅጠል ሳይሆን የቅጠል ጥላ ነው የሚመስለው።

«መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ትኖራለች» አለች ዶክተሯ። «ከዚያ ወጥታ ትዋኝና አልቅት ውስጥ ትገባለች። አልቅቱን ዳክዬ ሲበላው ደግሞ ዳክዬው አንጀት ውስጥ ታድጋለች፣ እንቁላል ትጥላለች።»

«ሦስት ቤት!» አለ ደም ለጋሹ። «እኛ አንዱን አጥተን።»

ዶክተሯ ሳቀች፣ ከልቧ ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ለእሷ ሲል አንገቱ ድረስ ግባ ቢሉት ይገባ ነበር።

ዶክተሯ ትሎቹን አውጥታ በቀይ ቀለም ትነክራቸዋለች፤ ከዚያ ጥርት እንዲሉ የቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ታደርጋቸዋለች። በዚህ የተነሳ ክፍሏ ሁልጊዜ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። በመስታወት መሀል አድርጋ ትለካለች፣ ትስላለች፣ የሣለችውን ከድሮ መጻሕፍት ጋር ታመሳክራለች። ይሄኛው ከዚያኛው ጋር አንድ ዝርያ ነው፣ ያኛው ለብቻው ነው፣ እያለች ትለያለች። ቀኑ እንዲህ ሆኖ ይመሻል።

እንግዲህ ደም ለጋሹ የሚደብቀው ነገር አለው። ማንበብና መጻፍ አይሆንለትም። ጨርሶ አይችልም ማለት አይደለም፤ ፊደል ቆጥሯል፣ ስሙን ይጽፋል፣ ቀንና የቦታ ስም ይጽፋል። ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲያይ ግን ፊደሎቹ ይተራመሱበታል። አጠገቡ ሰው ከቆመማ የሚያውቀውም ይጠፋበታል። ይባስ ብሎ ልጁ አስተማሪ ናት። አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። የሰፈሩ ሕፃናት በስድስት ዓመታቸው ከእሷ የሚማሩትን አባቷ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ አለማወቁን ሲያስበው፣ ማንም ሳያየው እንኳ አንገቱን ይደፋል።

ሥራውን የተረከበ ሰሞን ዶክተሯ ስለ አሰባሰቡ አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፋ ነበር። ከላይ እስከ ታች ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ነው።

«አነበቡት ጋሼ?» ብላ ጠየቀችው።

«እንዴታ!»

«ያልገባዎት ነገር አለ?»

«ምን የማይገባ ነገር አለው ብለው ነው?» አለ፣ በወረቀቱ ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ። ዓይኑን ከላይ ወደ ታች ነድቶ፣ መጨረሻው ላይ ራሱን ነቀነቀ።

ብልቃጦቹ እያንዳንዳቸው ውስጣቸው ወረቀት ይገባባቸዋል፤ አልቅቱ ከየትኛው ውሃ እንደመጣ፣ መቼ እንደተያዘ የሚናገር። ከውጭ ቢለጠፍ እርጥበት ያላቅቀዋል፤ ስለዚህ ከአልቅቶቹ ጋር አልኮሉ ውስጥ ይጠመቃል። ደም ለጋሹ በዶክተሯ እርሳስ ነበር የሚጽፈው። ለምን እርሳስ እንደሆነ አልጠየቀም፤ የተሰጠው እርሳስ ስለሆነ ነው። በዚህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ሠራ፣ ምንም አልሆነም።

ነገሩ የተበላሸው አንድ እንግዳ የመጣ ቀን ነው። ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ነገር ሁሉ የሚያስቀው ሰው። መደርደሪያው ላይ ካሉት ብልቃጦች አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን አደረገና ወረቀቱን አየው።

«ይሄን የጻፈው አልቅቱ ራሱ ነው እንዴ?» አለ።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ቁልፌም በር ላይ ቆሞ ሳቀ። ዶክተሯ አልሳቀችም፣ ብልቃጡን ከእንግዳው እጅ ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰችው። ደም ለጋሹ ግን ያልሳቀውን ሰው የሚያይበት ዓይን አልነበረውም። መወልወያ ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ይለው ነበር። የደረቀ ወለል መወልወል ጀመረ።

በሚቀጥለው የመሰብሰቢያ ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ልጁ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ እነዚህን ጻፊልኝ» አላት። «መሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ይስተካከል ብሏል።»

«ምን ብዬ?»

«አንዱ ላይ ‘ረግረጉ፣ ደንገሉ ሥር’ በይ። አንዱ ላይ ‘የልብስ ማጠቢያው ኩሬ’።»

እርሳሱን ሲያቀብላት ፈገግ አለች። «በእርሳስ እኮ የሚጽፉት የኔ ሕፃናት ናቸው አባዬ» ብላ ከቦርሳዋ ሰማያዊ እስክሪብቶዋን አወጣች። ጽሑፏ ሲያዩት ያስቀናል። ፊደሎቹ ተሰልፈው የቆሙ ይመስላሉ። ደም ለጋሹ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አለበትና በጥንቃቄ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። የሠርግ መጥሪያ የያዘ ነበር የሚመስለው። ያ እንግዳ አሁን ይምጣ፣ አለ በሆዱ።

በማግሥቱ ከሁለቱም ውሃዎች ሰበሰበ። ከረግረጉ ሠላሳ የሚሆኑ፣ ከኩሬውም ያንኑ ያህል። አልኮል ጨመረ፣ ወረቀቶቹን ከተተ፣ ክዳኑን አጠበቀ። ቅዳሜ መደርደሪያውን ሲያጸዳ ሁሉንም ብልቃጥ ወደ ወለሉ አወረደ፣ ወልውሎ መለሳቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይኑ ምልክት ለመያዝ አላሰበም፤ ወረቀቱ አለ አይደል?

ሰኞ ጠዋት አየው። የሁለቱም ብልቃጦች አልኮል ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሆኗል። ወረቀቶቹ ነጭ ናቸው። የታጠበ ጨርቅ እንኳ እንደዚያ አይነጣም። አንዱን ወደ መስኮቱ አደረገው፣ ነቀነቀው፣ አዙሮ አየው። ምንም የለም። የልጁ ቀለም አልኮሉ ውስጥ ሟሙቶ ጠፍቷል። እርሳስ ለምን እርሳስ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ምን እንደሚል፣ ቢያንስ አንዱ መስመር ምን እንደሚል፣ ሳያነበው ገባው።

ሁለቱ ብልቃጦች አንድ ዓይነት ናቸው። አልቅቶቹም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጥቁር ቡናማ፣ ተኮማትረው ድርቅ ያሉ፣ የረግረጉ ከኩሬው በምን ይለያል? በግራ የነበረው… የለም፣ በቀኝ… ቅዳሜ መጀመሪያ ያነሳሁት የትኛውን ነው? እያለ ቆመ።

ዶክተሯ በሚቀጥለው ክፍል ነበረች። ወንበሯ ሲንቋቋ ይሰማዋል። ሃያ እርምጃ አይሆንም። ሄዶ «ዶክተር፣ ወረቀቱ ጠፋብኝ» ቢላት፣ ሁለቱን ብልቃጥ ደፍታ «ይሂዱና እንደገና ይሰብስቡ» ነበር የምትለው። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ግን «ለምን በእስክሪብቶ ተጻፈ?» ትላለች። «ማን ጻፈው?» ትላለች። «ወረቀቱን አንብቤዋለሁ አላሉኝም ነበር?» ትላለች። ሃያው እርምጃ ረዘመበት።

ሰማያዊውን አልኮል መታጠቢያው ውስጥ ደፋ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ቀለሙ እስኪጠፋ አፈሰሰበት፣ አዲስ አልኮል ጨመረ። ከዚያ በእርሳስ፣ በዚያው በሚሳቅበት ጽሑፉ፣ ሁለት ወረቀት ጽፎ፣ ይሄ ይመስለኛል ብሎ አንዱን አንዱ ውስጥ፣ ሌላውን ሌላው ውስጥ ከተተ። ይመስለኛል ብሎ ነው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የዶክተሯ ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው።

«ጋሼ! ይምጡ! ይምጡ ቶሎ!»

ሮጦ ገባ። ዶክተሯ ከወንበሯ ተነስታ እሱን በትከሻው ይዛ አጉሊ መነጽሩ ፊት አስቀመጠችው። ቀይ የተነከረች ትል መሀል ላይ ተዘርግታለች።

«ከፊቷ፣ በመምጠጫዋ ግራና ቀኝ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ጆሮ የመሰለ ነገር… ሁለት።»

«ጆሮ! እኔም ጆሮ ነው ያልኩት! እስካሁን ያየኋቸው በሙሉ ጆሮ የላቸውም። መጻሕፍቱን ገልብጫለሁ፣ ጆሮ ያለው የለም። ሃያ ሁለት አወጣሁ፣ ሃያ ሁለቱም እንደዚሁ ናቸው። አዲስ ዝርያ ነው ጋሼ!»

«ከየትኛው… ከየትኛው ብልቃጥ?»

«ከረግረጉ። የኩሬውንም ከፍቼ አይቻለሁ፤ እነሱ የምናውቃቸው ናቸው።»

ደም ለጋሹ ከወንበሩ ብድግ አለ። ዶክተሯ ደስታ መስሏት እጁን ያዘችው።

«አዲስ ዝርያ ስም ይሰጠዋል። በእርስዎ ስም ልጠራው አስቤያለሁ። ደምዎን የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

«ኧረ ዶክተር… እኔ ምን አደረግኩና…»

«እርስዎ ደግሞ ትሕትናዎ!» አለችና ሳቀች።

ወሬው በአንድ ቀን መሥሪያ ቤቱን አዳረሰ። «ሰው ሐውልት ይቆምለታል፣ ላንተ ትል ተገኘልህ!» አለው ቁልፌ። «ከእንግዲህ ደም ለጋሽ ብዬ አልጠራህም፣ የትሎቹ አባት ነህ።» ሁሉም ሳቀ። ደም ለጋሹም ሳቀ። የቁልፌ ልጅ የሚማረው በደም ለጋሹ ልጅ ክፍል ስለነበር ወሬው ቤቱም ቀድሞት ደረሰ። ልጁ በር ላይ ጠብቃ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ለተማሪዎቼ ልንገራቸው አባዬ? አባቴ እኮ አዲስ እንስሳ አገኘ ልበላቸው?»

«ቆይ እስቲ… ገና ነው» አለ። ልጁ በኩራት ስታየው፣ እሱ ጫማውን ነበር የሚያየው።

ዶክተሯ መጻፍ ጀመረች። አዲስ ዝርያ ነው ሲባል ትሉ ብቻ አይጻፍም፤ በየትኛው አልቅት ውስጥ እንደተገኘ፣ ከየትኛው ውሃ እንደመጣ አብሮ ይጻፋል። ሌላ አገር ያለ ሰው አላምንም ቢል፣ መጥቶ ያንን ውሃ ይፈትሻል። ይሄን ስታስረዳው ደም ለጋሹ እሺ፣ እሺ ይላል።

አንድ ቀን ዶክተሯ ቦት ጫማ አድርጋ መረብ ይዛ ብቻዋን ወደ ረግረጉ ወረደች። የትሉ የመጀመሪያ ቤት የሆነውን ቀንድ አውጣ ልትፈልግ ነው። ከሰዓት በኋላ ጭቃ በጭቃ ሆና ተመለሰች።

«አንድም የለም ጋሼ። ባዶ ዛጎል እንኳ የለም። ቀንድ አውጣ ከሌለ ትሏ ከየት መጣች?» መነጽሯን አወለቀች። «እርግጠኛ ነዎት? ከረግረጉ ነው የሰበሰቡት?»

አሁን ሊናገር ነበር። አፉን ከፈተ።

«እርግጠኛ ነኝ» አለ።

ከየት እንደመጣ አያውቅም፣ ቃሉ ብቻውን ወጣ። ዶክተሯ ጥቂት አየችው። «እንግዲያው ቀንድ አውጣው ተደብቆኝ ነው» አለች። ይሄ ነበር የጎዳው። ብትጠረጥረው፣ ብታፈጥበት ይሻለው ነበር። የራሷን ዓይን ትታ የእሱን ቃል ወሰደች።

ጽሑፉ አለቀ። «ነገ ጠዋት እልከዋለሁ» አለች፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ እየተንጠራራች።

ጠዋት ከእሷ ቀድሞ በሩ ላይ ተገኘ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ያሽከረክረዋል። ዶክተሯ በሩን ከፍታ ስትገባ ተከትሏት ገባ፣ ይቀመጡ ብትለው አልተቀመጠም።

«ዶክተር፣ አይላኩት።»

«ምኑን?»

«ጽሑፉን። ብልቃጦቹ… ወረቀታቸው ጠፍቶ ነበር። ቀለሙ ሟሟ። እኔ በግምት ነው መልሼ የጻፍኩት።»

ዶክተሯ ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እርሳስ አይሟሟም» አለች።

«በእርሳስ አልነበረም።» እዚህ ላይ እውነቱ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ከጉሮሮው የወጣው ግን ሌላ ነው። «ልጄ ናት። ልጄ ናት በእስክሪብቶ የጻፈችው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሷ የተማረች ናት ብዬ…»

ተናግሮ ሲያበቃ ያለውን ሰማው። ሊመልሰው ፈለገ፣ ግን ዶክተሯ እጇን አንስታ አስቆመችው። አልተቆጣችም፣ እያሰበች ነበር።

«ልጅዎ ወረቀቶቹ ብልቃጥ ውስጥ ሲገቡ ነበረች?»

«እ… አልነበረችም። ግን…»

«ምናልባት የምታስታውሰው ነገር ይኖር ይሆናል። በየትኛው ወረቀት ላይ ምን ምልክት እንዳለ፣ ጥጉ የተቀደደው የትኛው እንደሆነ። ባዶዎቹን ወረቀቶች ጣሏቸው?»

«አልጣልኳቸውም። ኪሴ ውስጥ ናቸው።» እስከ ዛሬ ኪሱ ይዟቸው ይዞር ነበር፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም።

«እንግዲያው ያምጧት።»

ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም። ሲደርስ የዕረፍት ሰዓት ነበርና ግቢው በልጆች ጩኸት ተናውጧል። ልጁ የክፍሏ በር ላይ ቆማ ከጣቶቿ ጠመኔ እያራገፈች ነበር። እሱን ስታይ ደነገጠች።

«ምነው አባዬ? ቤት ሰላም?»

«ሰላም ነው። ዶክተሯ ትፈልግሻለች።»

«እኔን? ለምን?»

«ያ የጻፍሽልኝ… በእስክሪብቶ የጻፍሽው፣ አልኮል ውስጥ ጠፋ። ብልቃጦቹ ተምታቱ። ትሉ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።»

ልጁ ጠመኔ ማራገፏን ተወች። ነገር ቶሎ ነው የሚገባት።

«ምን አልካት?»

አንድ ሕፃን በመካከላቸው ሮጦ አለፈ። ደም ለጋሹ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«አንቺ ጻፍሽው አልኳት።»

«ያው እኔ ነኝ እኮ የጻፍኩት» አለች ልጁ፣ ዝግ ብላ። ክፍሏን ለጎረቤት አስተማሪዋ አደራ ሰጥታ ነጠላ ጫማዋን ቀየረችና ተከተለችው። አንድ እርምጃ ቀድማው ነበር የምትሄደው፤ እሱም ሊደርስባት አልሞከረም።

ዶክተሯ ክፍል እንደገቡ፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ ልጁ ጀመረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው ዶክተር። አባቴ በእርሳስ ጻፊ ብሎኝ ነበር። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ አለ፣ በእርሳስ ነው የሚለው ብሎ ነግሮኛል። እኔ ነኝ አይታይም ብዬ በእስክሪብቶ…»

ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። አምናታለች። ደም ለጋሹ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ዝም ቢል አለቀ። ልጁ ተሳስታለች፣ ወጣት ናት፣ ይቅር ትባላለች፣ እሱ ወደ ውሃው ይመለሳል። ልጁ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች፤ በጀርባዋ በኩል የሸሚዟ አንገት ላይ ጠመኔ ነክቷታል።

«ውሸቷን ነው» አለ።

ሁለቱም ዞሩ።

«ውሸቷን ነው ዶክተር። እንደዚያ አላልኳትም። መሥሪያ ቤቱ ጽሑፍ ይስተካከል ብሏል ብዬ ዋሸኋት። መሥሪያ ቤቱ ምንም አላለም። ያ ሰውዬ በጽሑፌ ስለሳቀ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውንም…» ወደ ወረቀቱ ጠቆመ። «አላነበብኩትም። አልችልም። ማለት… አንድ አንድ ቃል እችላለሁ፤ እንዲህ ያለውን አልችልም። አንብቤዋለሁ ያልኩዎት አፍሬ ነው። ሰኞ ቀለሙ እንደጠፋ አይቻለሁ። እርስዎ ከዚያ ወዲያ ነበሩ፣ ወንበርዎ ይሰማኝ ነበር። ልመጣ አልኩ፣ አልመጣሁም። አፍሬ ነው።»

ልጁ አፏን በእጇ ያዘች።

ዶክተሯ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። «ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም፣ «ማንበብ አለመቻልዎ ምንም አይደለም። አንብቤልዎት ነበር፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን እርግጠኛ ነዎት ወይ ብዬ ጠይቄዎታለሁ። ረግረጉን ፈትሼ፣ ቀንድ አውጣ አጥቼ፣ መጥቼ ጠየቅኩዎት።»

«አዎ።»

«እኔ ዓይኔን ትቼ እርስዎን አመንኩ።»

«አዎ» አለ። ኮፍያው ከእጁ ወድቆ ነበር፣ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው እንኳ አፈረ።

ዶክተሯ አላባረረችውም፣ አላጽናናችውምም። የጨረሰችውን ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና «ሰኞ ሁለቱንም ውሃ እንደገና እንጀምራለን» አለች። «ባዶዎቹ ወረቀቶች ኪስዎ ውስጥ ስለተቀላቀሉ አይረዱንም፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሁለቱ ትሎች ከየት እንደመጡ ስለማናውቅ ለጽሑፉ አይሆኑም። ሌላ መገኘት አለበት። ባይገኝስ የሚለውን ያኔ እናስባለን።»

ከበሩ ሲወጡ ልጁ ግቢው መሀል ቆመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አባዬ፣ ለኔ እንኳ አትነግረኝም ነበር? እኔ እኮ ሥራዬ ነው።»

«ላንቺማ በጭራሽ» አለ። ይሄኛው እውነት ነበር፤ ስለዚህ ነው ሊያያት ያልቻለው።

ሰኞ ወረዱ። ዶክተሯ ዳር ላይ ቦት ጫማ አድርጋ ቆመች፣ እሱ ውሃው ውስጥ። ከረግረጉ ሲወጣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ከእግሩ ደም እየወረደ፣ ወረቀቱን ጻፈ። አንዷ ቃል ብዙ ደቂቃ ፈጀችበት። ዶክተሯ አልረዳችውም፣ አላቻኮለችውም፣ ወዲያ ዞራ ዳክዬዎቹን ትቆጥር ነበር። በማግሥቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው ኩሬ ሄዱ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ቦታ ለቀቁላቸው፤ አንዷ «አንተ ሰውዬ፣ እግርህን ነው የምታጥበው ወይስ የምትበላው?» አለችው። የማጠቢያውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ዶክተሯ ስትገለብጠው ሥሩ ቀንድ አውጣ በቀንድ አውጣ ነበር።

ውጤቱ ሲታወቅ ሁለት ወር አልፎ ነበር። ጆሮ ያላት ትል የኩሬው ናት። የረግረጉ ግን የሚታወቀው የድሮው ትል ነው። ሁለቱን ብልቃጥ አቀያይሯቸው ኖሯል። ጽሑፉ ቢላክ ኖሮ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ረግረጉ ውስጥ ዕድሜ ልኩን ቢቆም አያገኛትም ነበር። ዶክተሯ እንደገና ለካች፣ እንደገና ሣለች፣ እንደገና ጻፈች። ስሙን በሚመለከት ምንም አላለችም። እሱም አልጠየቀም። በመጨረሻ ጽሑፉ ሲላክ፣ ትሏ በጆሮዋ ነበር የተሰየመችው።

ይሄን ቁልፌ አላወቀም። አንድ ቀን ደም ለጋሹ አልኮል ሊያወጣ ወደ ዕቃ ቤቱ መስኮት ሲሄድ፣ ሾፌሩና በር ጠባቂው እዚያው ቆመው ነበር።

«እህሳ የትሎቹ አባት!» አለ ቁልፌ፣ ከመስኮቱ ራሱን አውጥቶ። «በስምህ ተጠራ ወይስ ገና ነው? ድግሱን እየጠበቅን እኮ ነው!»

ደም ለጋሹ እስከዚያን ቀን ድረስ «ገና ነው» ነበር የሚለው። አሁንም ምላሱ ላይ ነበር፣ ገና ነው። ሾፌሩ ለመሳቅ ተዘጋጅቷል።

«አይጠራም» አለ። «የአልቅቶቹን ብልቃጥ አቀያይሬ፣ ደብቄ ዋሸሁ። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ስላላነበብኩ ነው። ማንበብ ብዙ አልችልም።»

ቁልፌ አፉን ከፈተ። የሚቀልደው ነገር እየፈለገ እንደነበር ያስታውቃል፣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ አለ። አላገኘም። ሾፌሩ ሲጋራውን አየ፣ በር ጠባቂው ወደ በሩ ዞረ። ቁልፌ መልሶ አፉን ገጠመ፣ ቁልፎቹን ከወገቡ ፈታ፣ አሁንም አሰራቸው።

«ስንት ሊትር ነበር ያልከኝ?» አለ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሁለት» አለ ደም ለጋሹ። ጆሮው እስከ ጫፉ እየተቃጠለ ነበር፤ ሦስቱም እያዩት እንደሆነ ያውቃል። ቁልፌ የዕቃ ማውጫውን ደብተር ገፋ አደረገለት። ደም ለጋሹ እስክሪብቶውን ተቀበለና፣ መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ስሙን አንድ በአንድ መጻፍ ጀመረ።